በተራራ ላይ ስለሚያድር ሰውና ስለ መጠጥ ውሃው

ቀጨኔ በአዲስ አበባ ከተማ በሰሜን በኩል፣ በጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለ ሰፈር ነው። የሰፈሩ ሴቶች ሸክላ በመሥራት፣ ወንዶቹም ሸማ በመሸመን ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። እንስራውና ገንቦው፣ ድስቱና ጀበናው፣ ምጣዱም ከዚያ ወጥቶ ወደ ከተማው ገበያ ይወርዳል። ቀድሞ ብዙ ሰዎች ባለማወቅ ሸክላ ሠሪዎችን ይንቁ ነበር፤ ይህም እጅግ የሚያስገርም ነው። የሚንቃቸው ሰው ውሃውን የሚጠጣው እነርሱ ከሠሩት እንስራ ቀድቶ፣ እንጀራውንም የሚበላው እነርሱ በሠሩት ምጣድ ጋግሮ ነበርና።

በዚህ ሰፈር ቀጨኔ የሚባል ወንዝ ይወርዳል። ወንዙ ከእንጦጦ ወገብ ሲነሣ ታናሽና ጥሩ ነው። ወደ ታች በወረደ መጠን ግን በቤቶች መካከል ያልፋል፤ የልብስ እጣቢውም፣ የመጸዳጃው ፍሳሽም፣ የከብቱም እበት ይገባበታል። ከሌሎች የከተማው ወንዞች ጋር ተገናኝቶም ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይሄዳል። በታች የሚፈሰውን ጥቁር ውሃ ሕፃን እንኳ አይጠጣውም፤ ዐይኑም አፍንጫውም ይከለክሉታል። አደጋው ያለው ከላይ ባለው፣ ኩልል ብሎ በሚወርደው ውሃ ነው፤ እርሱን የሚፈራ የለምና።

በአንድ የበጋ ቀን ሦስት የቀጨኔ ተማሪዎች፣ ከሦስቱ የአንዱን ታላቅ ወንድም መሪ አድርገው፣ በእንጦጦ ጫካ አንድ ሌሊት ለማደር ወጡ። ብርድ ልብስ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ አንድ ብረት ድስትና አንድ ታናሽ ገንቦ ይዘው ነበር። ዳገቱ ረጅም ነበርና ከባሕር ዛፉ መካከል በደረሱ ጊዜ ሁሉም ተጠምተው ነበር። በዚያም ከድንጋይ ሥር የሚፈስ ቀጭን ውሃ አገኙ፤ ከጥራቱ የተነሣ በውስጡ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይቈጠር ነበር። ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ በሆዱ ተኝቶ ሊጠጣ ሲል ታላቅ ወንድሙ፣ «ተው፤ እሳት እስኪነድ ታገሥ» አለው። ልጁም፣ «ጋሼ፣ ውሃው እንደ መስተዋት ነው፤ ምን ቈሻሻ አለበት?» ብሎ መለሰ። ታላቁ እንጨት ሊለቅም ዘወር ባለ ጊዜም እስኪጠግብ ጠጣ።

በማግሥቱ ጧት ውሃውን ተከትለው ጥቂት ወደ ላይ ወጡ። ከሰፈሩበት መቶ ርምጃ በማይሞላ ስፍራ ውሃው የከብት መጠጫ ሆኖ አገኙት፤ ዳሩ በኮቴ ተረግጦ፣ እበቱም እስከ ውሃው ወርዶ ነበር። ከዚያም ከፍ ብሎ፣ ከእነርሱ በፊት በዚያ ያደሩ ሰዎች ተጸዳድተው ሳይቀብሩ የተዉት ይታይ ነበር። ውሃው ይህን ሁሉ አልፎ በአሸዋና በድንጋይ መካከል ሲወርድ ደለሉ እየዘቀጠ መልኩ ይጠራል፤ ልጁ በጠጣበት ስፍራ ሲደርስም መስተዋት መስሎ ነበር። ታናሹ ልጅ ይህን ባየ ጊዜ ዝም አለ።

በውሃ ውስጥ ሆነው በሽታ የሚያመጡት በዐይን የማይታዩ እጅግ ታናናሽ ነገሮች ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ባክቴሪያ፣ አንዳንዶቹ ቫይረስ ይባላሉ፤ እንደ አሜባና እንደ ጃርዲያ ያሉት ደግሞ ሌላ ወገን ናቸው። ታይፎይድና ኮሌራ፣ ደም የተቀላቀለበትም ተቅማጥ በእነዚህ ይመጣል። አብዛኞቹ ወደ ውሃ የሚገቡት ከሰው ወይም ከእንስሳ ዐይነ ምድር ነው። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ እልፍ አእላፍ ሆነው ሳሉ ውሃው አይደፈርስም፤ ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል።

ሊቃውንትም ሳይቀሩ ይህን ለማወቅ ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። በ1846 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1854፣ በለንደን ከተማ በአንድ ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ከአምስት መቶ የሚበልጥ ሰው ገደለ። በዚያ ዘመን የሚበዙት ሐኪሞች ኮሌራ ከክፉ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ግን የሞቱት ሰዎች ውሃ ከየት ይቀዱ እንደ ነበር መረመረና፣ የሚበዙት በመንገድ ዳር ካለ ከአንድ ጕድጓድ እንደ ጠጡ ተረዳ። የዚያ ጕድጓድ ውሃ በጣዕሙ የተመሰገነ ነበር። ከሰፈሩ ርቃ የምትኖር አንዲት ባልቴት እንኳ ጣዕሙን ስለ ወደደች ታስመጣው ነበር፤ እርስዋም በዚያው በሽታ ሞተች። ስኖው ነገሩን ለሹማምንቱ ባስረዳ ጊዜ የውሃ መሳቢያው እጀታ እንዲወልቅ ተደረገ። በኋላ ሲመረመር ከጕድጓዱ አጠገብ የሚያፈስ የቤት ቈሻሻ ማጠራቀሚያ ተገኘ።

በኢትዮጵያም በሰፈር የሚኖር ሰው ይህን መከራ አይቷል። በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከሠራዊታቸው ጋር በጣና ሐይቅ ዳር በቆራጣ ሰፍረው ሳሉ ኮሌራ ገባ። ሠራዊቱም ስፍራውን ለቆ ወደ ደጋው ሄደ፤ በመንገድ ግን ብዙ ሰው ሞተ። እልፍ ሰው በአንድ ውሃ ዳር ሲሰፍር፣ የሚጠጣውም የሚታጠበውም የሚጸዳዳውም በዚያው ዙሪያ ነበርና፣ አንድ በሽተኛ ለብዙ ሰው በቂ ነበር።

ከተማ የሚለው ቃል ራሱ በጥንት ዘመን የንጉሥ ወይም የመኰንን ሰፈር ማለት ነበር። እንጦጦም እንዲሁ የዐፄ ምኒልክ ሰፈር ነበረች። ከፍታዋ ጠላትን ለመጠበቅ ቢመችም ብርዷ ጽኑ ነበር፤ ለብዙ ሰው የሚበቃ ውሃና እንጨትም ለማግኘት ያስቸግር ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃው ወርደው በዚያ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። ከዚያም በኋላ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል የስዊስ አገር መሐንዲስ ከእንጦጦ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አወረደ። ዛሬ የቧንቧ ውሃ የሚጠጣ ልጅ ወደ ተራራ ወጥቶ ሲያድር ቧንቧውንና ጠባቂዎቹን በኋላው ትቶ ይሄዳል፤ የውሃው ጠባቂ እርሱ ራሱ ሊሆን ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማየት ያሻል። ከመሬት በሚፈልቅበት ስፍራ የተቀዳ ምንጭ፣ ረጅም መንገድ ከሄደ ወንዝ ይሻላል፤ የሚፈስም ከቆመ ይሻላል። ከመንደር በታች፣ ከከብት መዋያ በታች፣ ከፋብሪካም በታች መቅዳት አይገባም። ከፋብሪካና ከጋራዥ የሚፈሰው መርዝ በእሳት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ተንኖ ሲያንስ እርሱ ይበዛል። በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ስፍራ በጕድጓድ ውሃ የሚገኘው ጥርስ የሚያበላሽ ፍሎራይድም እንዲሁ በመፍላት አይለቅም። ስለዚህ የታችኛውን የቀጨኔን ወንዝ ማንም አፍልቼ እጠጣዋለሁ አይበል።

ውሃው ደፍርሶ እንደ ሆነ በዕቃ ቀድቶ እስኪዘቅጥ ማቈየት፣ ከዚያም ላዩን ቀስ አድርጎ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ነው። የቀጨኔ ሸማኔዎች የሚሠሩት ነጠላ ታጥፎ ለዚህ ይበቃል። በባንግላዴሽ አገር ሴቶች የለበሱትን ሳሪ የሚባል አሮጌ ልብስ አራት ጊዜ አጥፈው ውሃቸውን ቢያጠሉበት፣ በኮሌራ የሚታመመው ሰው በግማሽ ገደማ እንደ ቀነሰ በ1995 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አሳይቷል። ይህም የሆነው በዚያ አገር ውሃ የኮሌራው ተሐዋሲ ከእርሱ በሚበልጡ ታናናሽ የውሃ ነፍሳት ላይ ተጣብቆ ስለሚኖርና ጨርቁ እነርሱን ስለሚይዝ ነው። ነገር ግን ብቻውን የሚሄደው ተሐዋሲ በጨርቅ ቀዳዳ ያልፋል፤ ፍየል በሰፊ በር እንደምታልፍ ማለት ነው። ማጥለል ለእሳት ያዘጋጃል እንጂ እሳትን አይተካም።

ከሁሉ የሚታመነው ማፍላት ነው። በዚህ ረገድ ግን የተራራ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ምስጢር አለ። በምጽዋ ወይም በጅቡቲ፣ በባሕሩ ጠረፍ፣ ውሃ የሚፈላው ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ የእንጦጦም ራስ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ወደ ላይ በተወጣ መጠን አየሩ እየሳሳ ውሃውን የሚጫነው ክብደት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ውሃው በአነስተኛ ሙቀት መንተክተክ ይጀምራል። በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ በእንጦጦ ራስ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ የማይበስለው ስለዚህ ነው፤ ሴቶች እንጨቱን ይወቅሳሉ፤ ነገሩ ግን ከእንጨቱ አይደለም።

ይህም ሙቀት ተሐዋስያኑን ይገድላል፤ ነገር ግን ጥቂት ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። በቆላ አንድ ደቂቃ ቢንተከተክ ይበቃል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ግን፣ ቀጨኔም እንጦጦም ከዚያ በላይ ናቸውና፣ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሊንተከተክ ያስፈልጋል። ጭስ መሰል እንፋሎት ማየት ወይም በድስቱ ዳር ታናናሽ አረፋ መታየቱ መፍላት አይደለም፤ ውሃው ከሥር እስከ ላይ ሲገላበጥ ነው መቍጠር የሚጀመረው። ሰዓት የሌለው ልጅ አባታችን ሆይ የሚለውን ጸሎት ሳይቸኩል ስምንት ጊዜ ቢደግም ሦስት ደቂቃው ይሞላል። ቡናም በጀበና በሚገባ ፈልቶ የሚጠጣ ነውና በዚያው ስፍራ ካለ ያልፈላ ውሃ ይልቅ የታመነ ነው፤ ሲኒው ባልፈላ ውሃ ተለቅልቆ እንደ ሆነ ግን ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።

በሦስት ጕልቻ ላይ የሚነድ የባሕር ዛፍ እሳት ኀይለኛ ነው፤ ከነፋስ በኩል ድንጋይ ቢጋረድለት እንጨቱ ይቈጥባል። ለማደር የሚወጣ ሰው ውሃውን ማታ፣ እሳቱ ለራት በነደደ ጊዜ ቢያፈላ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያድርና ጧት ለመንገድ ይደርስለታል። ጠምቶት ሳለ ማፍላት የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ሳይፈላ ይጠጣል፤ ታናሹ ልጅ የተሳሳተው አለማወቁ ብቻ ሳይሆን ጥሙ ስለ ቀደመው ነው።

የፈላው ውሃ በሚገባ ካልተቀመጠ እንደገና ይበከላል። የቀጨኔ ገንቦ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። አንገቱ ጠባብ ስለ ሆነ እጅ አይገባበትም፤ በእፊያ ወይም በንጹሕ ክዳን ይከደናል። ሰውነቱም ጥቂት ጥቂት እያላበው፣ ላቡ በነፋስ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ይሆናል። ከገንቦው አጎንብሶ ማንቈርቈር እንጂ ኩባያ መንከር አይገባም። ያው ገንቦ ያልፈላ ውሃ ተቀድቶበት ከነበረ፣ የፈላው ሳይገባበት አስቀድሞ በፈላ ውሃ መለቅለቅ አለበት። የፈላ ውሃ ጣዕም የለውም የሚል ሰው ካለ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ከአንድ ንጹሕ ዕቃ ወደ ሌላው ደጋግሞ ቢያገላብጠው አየር ይገባበትና ጣዕሙ ይመለሳል።

ብዙ ሰው ሸክላ ራሱ ውሃ የሚያጣራ ይመስለዋል። ተራ ገንቦ አያጣራም። ነገር ግን ከሸክላ ማጣሪያ መሥራት ይቻላል። በ1973 ዓ.ም. በጓቲማላ አገር ፈርናንዶ ማዛሪጎስ የሚባል ሊቅ ጭቃን ከእንጨት ዱቄት ጋር ለውሶ በድስት አምሳል ማጣሪያ ሠራ። ሲተኰስ የእንጨቱ ዱቄት ተቃጥሎ ይጠፋና በስፍራው እጅግ ደቃቅ ቀዳዳ ይቀራል፤ ውሃው በዚያ ሲንጠባጠብ ባክቴሪያው ይቀራል፤ ብርም ስለሚቀባበት ተሐዋሲው በላዩ አይኖርም። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ሸክላ ሠሪዎች ይህን ይሠራሉ። ጭቃ ማቡካትና ሸክላ መተኰስ የቀጨኔ እናቶች ከልጅነታቸው የሚያውቁት ጥበብ ነው።

እንጨት የረጠበ ወይም እሳት የተከለከለ እንደ ሆነ ሌላ መንገድ አለ። በመድኃኒት ቤት የሚሸጥ ውሃ አጋር የሚባል የክሎሪን ጠብታ አለ፤ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ልክ ጠብቆ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ነው። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ ግን መድኃኒቱ በጭቃው ላይ ኀይሉን ይጨርሳልና አስቀድሞ መጥለል አለበት። ደግሞም ጥሩ ውሃ ቀለም በሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ በጠራ ፀሐይ ስድስት ሰዓት፣ ደመና በበዛበት ጊዜም ሁለት ቀን ሙሉ ቢያስተኙት የፀሐይ ጨረር ተሐዋስያኑን ይገድላቸዋል። ይህ ለሚታገሥ ሰው ነው።

ያ በእንጦጦ የጠጣው ልጅ በሦስተኛው ቀን ሆዱን ቈረጠው፤ ተቅማጥም ያዘው። ለእናቱ የጠጣውን አልነገራትም፤ እንዳትቈጣው ፈርቶ ነበር። እርስዋም መብል የነሣው መስሏት እንዳይጠጣ ከለከለችው፤ ውሃ ሲጠጣ ተቅማጡ የሚብስ መስሏት ነበርና። ይህ ብዙ ሕፃን የገደለ ስሕተት ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ የልጁ ዐይን ወደ ውስጥ ገባ፤ አፉ ደረቀ፤ ሲያለቅስም እንባ አልነበረውም። ታላቅ ወንድሙ ያን ጊዜ እውነቱን ተናገረና በጀርባው አዝሎ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደው። ነርሷም አስቀድማ ያደረገችው የሚጠጣ መስጠት ነው፤ በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ስኳርና ጨው ያለበት መድኃኒት በማንኪያ እያደረገች ጥቂት ጥቂት አጠጣችው። እንዲህ ያለው መድኃኒት በማይገኝበት ስፍራ በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ስድስት ልክ ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ነው፤ ጨው ከዚህ ቢበዛ ይጐዳል። ደም ያለበት ተቅማጥ ወይም መጠጣት የማይችል በሽተኛ ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰዳል። ልጁ ከስምንት ቀን በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ፤ ልብሱ ሰፍቶት ነበር።

በሚመጣው ዓመት እነዚያው ተማሪዎች እንደገና ወደ እንጦጦ ወጡ። ታናሹ ልጅ ሌላው ሁሉ ድስትና ብርድ ልብስ ሲይዝ እርሱ ትንሽ ዶማ ያዘ። በኦሪት ዘዳግም በ23ኛው ምዕራፍ ሙሴ ለእስራኤል ሰፈር ያዘዘውን መምህሩ አንብቦላቸው ነበር፤ ይኸውም እያንዳንዱ ሰው ከሰፈር ውጭ እንዲወጣ፣ መቈፈሪያ እንዲይዝ፣ ከራሱ የወጣውንም በአፈር እንዲሸፍን ነው። ልጁም ከውሃው መቶ ርምጃ ርቆ፣ ከሰፈሩበትም በታች፣ አንድ ስንዝር የጠለቀ ጕድጓድ ቈፈረ፤ አፈሩንም በአጠገቡ ከመረ። እጅ መታጠቢያም ሳሙናና ውሃ በዚያ አኖረ።

ጓደኞቹ፣ «እኛ የምንጠጣው አፍልተን ነው፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ለማን ነው?» ብለው ሳቁበት። ልጁም ወደ ታች ወደ ቀጨኔ አመለከታቸው። ጊዜው ማታ ነበርና በቤቶቹ ጭስ ይወጣ ነበር፤ ሸክላ የሚተኰስበትም እሳት ይታይ ነበር። ያ ቀጭን ውሃ በባሕር ዛፉ መካከል ወደዚያው ይወርድ ነበር። ከዚህ በኋላ ከጓደኞቹ አንዱ ዶማውን ተቀበለውና ጕድጓዱን ጥቂት ጨምሮ አጠለቀው።